ድሩ ከፋብሪካ፣ ማጉ ከእናቶች እጅ

ስለ ሸማ የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሸማኔው ታሪክ ነው። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያመላልሰው ሰው ለዓይን ይታያል። ጎብኚ ፎቶ የሚያነሣው እሱን ነው፤ ገዢም «እጁ ይባረክ» የሚለው እሱን ነው። ማጉን የፈተለችው ሴት ግን ሸማው ተሸምኖ፣ ተሸጦ፣ ተለብሶ እስኪያልቅ ድረስ ስሟ አይነሣም። የእጅ ፈትል ጋቢ ከሚወስደው ጊዜ የሚበዛው ግን ሸማኔው ጋ ከመድረሱ በፊት፣ በእሷ እጅ ላይ ያለፈው ነው።

የአዲስ አበባ የሽመና መዲና ሽሮ ሜዳ መሆኑን የማያውቅ የለም። በከተማዋ ደቡብ ያለው ንፋስ ስልክ ላፍቶ በሸማኔ ሰፈርነት አይታወቅም፤ በሸማው ታሪክ ውስጥ ያለው ድርሻ በክሩ በኩል ነው። ሳሪስ የተባለው ሰፈሩ የፋብሪካ ድር አወጣ፣ መካኒሳ የተባለው ደግሞ የእጅ ፈትል ሐር። እኔም ታሪኩን የምተርከው ከክሩ ወገን ሆኜ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከነፍሬው ከመጣ ጥጥ ነው። ሴቲቱ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ታስቀምጠውና በቀጭን ብረት ትዳምጠዋለች፤ ብረቱ በመዳፏ ስር ሲሽከረከር ፍሬው እየተፈለቀቀ ወደ ፊት ይወጣል፣ ጥጡ ወደ ኋላ ይቀራል። የተዳመጠውን በደጋን ትነድፈዋለች። ጅማቱ በተመታ ቁጥር የተጨማደደው ጥጥ እየተፍታታና እየሳሳ ይነሣል። ያንን ጠቅለል አድርጋ በአንድ እጇ ትይዝና በሌላው እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቀዋለች። ክሩ በጣቶቿ መካከል እየቀጠነ ይወርዳል፤ ክንዷን ያህል ሲረዝም እንዝርቱ ላይ ትጠቀልለዋለች፤ እንደገና ታሽከረክራለች። ቀጭን ሆኖ ከወጣ ለነጠላና ለኩታ፣ ወፈር ካለ ለጋቢና ለቡልኮ ይሆናል። ይህን ሁሉ የምትሠራው እሳት እየጠበቀች፣ ልጅ እያስተኛች፣ ጎረቤት ቡና ላይ ተቀምጣ ነው። ለዚህም ይመስለኛል ሥራ ተብሎ ሳይቆጠርላት የኖረው።

በሰሜኑ አገር የተጻፉ የመንገደኞች ማስታወሻዎች የሚያወሩት ስለ ገበያው ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ድረስ የዘለቀው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ፣ ዓድዋ ላይ የሚሠራው የጥጥ ልብስ በአገሩ ሁሉ እንደሚዘዋወርና በገንዘብ ፈንታም መገበያያ እንደሚሆን ጽፏል። በጎንደርና በአካባቢው ከሽመናው ብዙውን የያዙት ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ በሸዋ በኩል አርጎባዎች በሸማቸው ይታወቁ ነበር። በብዙ ቦታ ርስት የማይሰጠው ሰው የሚተዳደረው በእጁ ሙያ ነበርና ሽመናም ለነዚሁ ቀረ። ፈትሉ ግን እንዲህ ያለ ወሰን አልነበረውም። እመቤትም ገረድም፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም ትፈትላለች። ባለርስቱ የሚለብሰው ኩታ ማጉ ከገዛ ቤቱ፣ ሽመናው ከሚንቀው ጎረቤቱ የመጣ ነበር።

ቀለሙ ሌላ ጉዳይ ነው። ጥለቱ ቀይና ሰማያዊ ይሆን ዘንድ ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ ይገዛና ክሩ አንድ በአንድ እየተፈታ እንደገና ይሸመን ነበር። ለጃኖው ሰፊ ቀይ መደብ ሲባል ደህና ጨርቅ የሚፈታ ሰው ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቀው አስቡት። ሐሩም በዚሁ የንግድ መንገድ ይመጣ ነበር። በጎንደር ዘመን ከውጭ በመጣ ሐር የተሠሩ፣ ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ የሚሆኑ ትልልቅ ሥራዎች ዛሬ አንዱ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሌላው ቶሮንቶ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛሉ። ቁመታቸው ከ5 ሜትር ያልፋል። ሐሩ በቀዳዳ ትንንሽ ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች ውስጥ እያለፈ፣ ሰሌዳዎቹ እየተገለበጡ የተሠሩ ናቸው፤ የሰዎችና የቤተ መንግሥት ምስል ያለበት በዚህ መጠን የተሠራ ሽመና በዓለምም ብርቅ ነው። ለንደን ያለው መጋረጃ ወደዚያ የገባው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በዘረፈበት ዓመት፣ በ1860 ዓ.ም. ነው። በምስሉ ላይ ስላሉት ነገሥታትና እቴጌዎች ብዙ ተጽፏል፤ ሐሩን ስላዘጋጁት እጆች የሚያወራ አንድ መስመር እንኳ አላጋጠመኝም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። በ1880ዎቹ መጨረሻ የዐፄ ምኒልክ ጦር ወደ ደቡብ ሲዘልቅ የጋሞ ደጋ በግዛቱ ስር ገባ፤ ከጨንቻ አካባቢ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎችም ወደ አዲሲቱ ከተማ መፍለስ ጀመሩ። ዶርዜ ውስጥ ሽመና የወንድ ልጅ የክብር ሙያ ነው። ከእንሰት እርሻው ጎን ለጎን ይሠራበታል፣ አባት ለልጁ ያወርሰዋል፤ በዚያ ኅብረተሰብ ተገፍተው የኖሩት ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች እንጂ ሸማኔዎች አይደሉም። እነዚህ ሰዎች በሙያቸው ኮርተው ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ሽመናን የሚያስንቅ አነጋገር ጠበቃቸው። ቢሆንም ሠሩ፤ በእንጦጦ ግርጌ ሰፈሩ፤ ለመስቀል ገንዘባቸውን ይዘው ወደ ደጋቸው ይመለሱ ነበር። እስከ ዛሬ በመስከረም የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ግማሹ አገር ቤት ነው።

በዚሁ ዘመን በሌላኛው የዓለም ጫፍ በአየርላንድ ምዕራብ የሚሆነው ነገር ከኛ ጋር በጣም ይቀራረባል። ዶኔጋል በሚባለው ድሃ አውራጃ ሴቶች የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ ወንዶች ወፍራም ጨርቅ ይሸምናሉ። በ1883 ዓ.ም. ለምዕራቡ ድሃ አውራጃዎች ልማት የተቋቋመው የመንግሥት ቦርድ አርዳራ በምትባል መንደር ገበያ ላይ መርማሪ አስቀመጠ። መርማሪው ጨርቁን መረመረ፣ ጥራቱን ጠብቆ የተሠራውን ማኅተም አደረገበት። የመንደሩ ሥራ በዚህ መንገድ ለሩቅ ገዢ የሚታመን ሆነ። የዶኔጋል ጨርቅ ዛሬም በስሙ ይሸጣል።

በኛ አገር መንግሥት የእጅ ባለሙያውን ያነሣው በክብር በኩል ነው። በጥር 1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ሌላውንም ባለሙያ በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ሠራተኛውን በሥራው የሚሰድብ ንጉሡን እንደሰደበ እንደሚቆጠር፣ ከዚያ በኋላ ሲሳደብ የተገኘም አንድ ዓመት እንደሚታሰር አዋጁ ይናገራል። ታላቅ ቃል ነው፤ ለዘመኑ ደግሞ ደፋር። ሆኖም በአዋጁ ከተጠሩት ሙያዎች መካከል ፈታይዋ የለችም። ማንም አይሰድባትም ነበርና ማንም ሊከላከልላት አላሰበም። ስድብ ቢያንስ ሥራውን ያውቀዋል፤ የእሷ ሥራ ከነጭራሹ ከቤት ውስጥ ጣጣ አልተለየም።

ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የመርከብ ጭነት ወደ መሃል አገር መድረሻው ቀለለ። ከዚያ በፊትም ቢሆን አቡጀዲ የአገሪቱ ዋና የገቢ ዕቃ ሆኖ ነበር። መጀመሪያ የአሜሪካ፣ ቆይቶ የሕንድ፣ በ1920ዎቹ ደግሞ የጃፓን ጨርቅ ገበያውን ሞላው። ለሱሪና ለእጀ ጠባብ አቡጀዲ ተመራጭ ሆነ። ሸማው ግን አልሞተም፤ ፋሲካ በአቡጀዲ አይከበርም፣ ሙሽራም በአቡጀዲ አትዳርም። ከጨርቁ ይልቅ ሸማውን የለወጠው ክሩ ነው። በፋብሪካ የተፈተለ ክር ከሕንዷ ቦምቤ ሲመጣ ሸማኔው ለድር ወሰደው። ድር ሲወጠርና በመርገጫው ሲነሣ ሲወድቅ ስለሚውል እኩል የሆነና የማይበጠስ ክር ይፈልጋል። ማግ ግን አይወጠርም፤ ልልና ለስላሳ ሲሆን ነው የሚያምረው። ስለዚህ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፈትል ሆነ። ይህ ድርድር ፈታይዋን ከግማሽ ሥራዋ አሳረፋት፤ ከግማሽ ገቢዋም ነጠላት። ሸማው ግን በፍጥነትና በብዛት መሠራት ቻለ።

ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ድሬዳዋ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቆሙ። ከነጻነት በኋላ መንግሥት ለኢንዱስትሪ የመረጠው ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የሚወስደውን የደብረ ዘይት መንገድ ነበር። ባቡሩም አስፋልቱም የአቃቂ ወንዝም በዚያ ነበር። በ1951 ዓ.ም. አካባቢ የሕንዱ የቢርላ ቤት ከኢትዮጵያ ጋር በሽርክና አቃቂ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቋቋመ፤ ይህ ቤት ከሕንድ ውጭ ካዋላቸው ትልልቅ ገንዘቦች የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል። የቢርላ ቤተሰብ የጋንዲ ደጋፊ ነበር፤ ጋንዲ ደግሞ ሕንዶች የእንግሊዝን የፋብሪካ ጨርቅ ትተው በእጃቸው እንዲፈትሉ የቀሰቀሰ ሰው ነው። ነገሩ ባለታሪኮቹን ሳይገርማቸው አልቀረም።

ከአቃቂ ወደ ከተማው መለስ ሲባል ሳሪስ ላይ የአደይ አበባ ክር ፋብሪካ አለ። ታክሲ ረዳቶች «ሳሪስ አደይ አበባ» እያሉ የሚጣሩት በእሱ ስም ነው። ሰፈሩ ዛሬ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነው። ለሸማኔ ድር የሚሆን ክር እዚሁ ከተማ ሲፈተል የቦምቤውን ክር መጠበቅ ቀረ፤ ሽሮ ሜዳና ሳሪስ በከተማዋ ሁለት ጫፍ ሆነው በአንድ ክር ተሳሰሩ። በፋብሪካው መዘውር ፊት የቆሙት ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። እናታቸው በእንዝርት ያለ ደመወዝ የፈተለችውን እነሱ በፈረቃና በደመወዝ ፈተሉት። የፋብሪካ ኑሮ ከባድ ነው፤ ብናኙ ሳንባ ይገባል፤ ሌሊት መቆም እግር ያሳብጣል። ቢሆንም መፈተል ሥራ ነው፣ ዋጋም አለው የሚለው ሐሳብ በዚህች ከተማ በወረቀት ላይ የሰፈረው እንደነዚህ ባሉ ፋብሪካዎች የደመወዝ መዝገብ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

በጥር 1967 ዓ.ም. ደርግ ትልልቆቹን ፋብሪካዎች ወረሰ። ብዙም ሳይቆይ የዕደ ጥበብንና የአነስተኛ ኢንዱስትሪን ልማት የሚመራ መሥሪያ ቤት ቆመ፤ ሸማኔዎችም በኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲደራጁ ተደረገ። በማኅበር ያለ ሰው ክር በኮታ ያገኛል፤ ያልገባ ከነጋዴ በውድ ይገዛል። ማኅበሩ ለሸማኔው የመንግሥት እውቅና ሰጠው፤ ልጁ በትምህርት ቤት ፎርም ላይ «የአባት ሥራ» የሚለውን ሲሞላ እንዳያፍርም አገዘው። ነገር ግን ማኅበሩ የሸማኔዎች ማኅበር ነበር። ማጉን የምትፈትለው ሴት በገበያ ቀን ፈትሏን በዘንቢል ይዛ ትወጣለች፣ ነጋዴው በሚዛን ይቀበላታል፣ ዋጋውንም እሱ ይቆርጠዋል።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ኮታው ቀረ፣ ገበያው ተከፈተ። የውጭ አገር ነዋሪው ኢትዮጵያዊ በየክረምቱ እየመጣ ሻንጣውን በሸማ ሞላው፤ የሀበሻ ቀሚስ ጥለት ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋና እየረቀቀ ሄደ፤ የሳባ ክር አብረቀረቀ። ይህ የሽሮ ሜዳ የደስታ ዘመን ነው፤ ቢሆንም ጥቁር ጎን ነበረው። ሥራ ሲበዛ ከጋሞ ደጋ ሕፃናትን «ሙያ እናስተምራችኋለን» ብለው እያመጡ፣ ትምህርት ነስተው፣ ከጎህ እስከ ሌሊት ጉድጓድ ውስጥ የሚያስቀምጡ ሰዎች ተገኙ። በዚያ ዘመን የተሸጠ ስንት ቀሚስ በእንዲህ ያለ ልጅ እጅ እንዳለፈ ሳስብ ያመኛል። የባህል ልብስ መውደድ ይህን ዓይቶ እንዳላየ ማለፍን አይጨምርም።

በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በዐሥር ክፍለ ከተሞች ስትከፈል ጎፋ፣ ቄራ፣ ሳሪስ፣ መካኒሳ፣ ለቡና ጀሞ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ስር ሆኑ። ያን ጊዜ ከመካኒሳ አለፍ ሲል ገና እርሻ ነበር፤ በአጥር ጥግ የሚበቅለው ጉሎም በዝቶ ይታይ ነበር። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ካቲ ማርሻል የተባሉ ካናዳዊት መካኒሳ ላይ «ሳባሐር» የተባለውን የሽመና ድርጅት መሠረቱ፤ መነሻቸውም ይኸው ጉሎ ነበር። ኤሪ የሚባለው የሐር ትል የጉሎ ቅጠል ይበላል። የመጣው ከሕንድ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከአሳም ነው፤ መልካሳ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም የሐር ትል እርባታን ለገበሬው ለማስለመድ ሠርቶበታል።

የኤሪ ሐር ለኛ አገር እጅ የተፈጠረ ይመስላል። መልበሪ የሚባለውን ዛፍ ቅጠል የሚበላው ታዋቂው የሐር ትል ራሱን የሚሸፍነው ባልተቋረጠ አንድ ረጅም ክር ነው። ክሩ ሳይበጠስ እንዲፈታ ትሉ ከነሽፋኑ ይቀቀላል፤ መፍቻውም ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል። የኤሪው ሽፋን ግን በአንድ ጫፉ ክፍት ነው፤ የእሳት ራቷ በዚያ ወጥታ ትሄዳለች፣ ባዶው ሽፋን ይቀራል። ሽፋኑ በሳሙና ውኃ ተቀቅሎ ሙጫው ሲለቅ የሚቀረው የተቆራረጠ ለስላሳ ጭረት ነው፤ ይህ ደግሞ እንደ ጥጥ ይፈተላል እንጂ አይፈታም። ሌላ አገር አዲስ ባለሙያ በሚያሠለጥንበት ሥራ ላይ እዚህ እንዝርት ይዛ ያደገች ሴት ሁሉ ባለሙያ ናት። ከጎንደር መጋረጃዎች በኋላ ሐር በአዲስ አበባ ደቡብ እንደገና ተሸመነ፤ በዚህኛው ዙር ግን ከትሉ እስከ ክሩ የአገር ቤት ሥራ ነው።

ሳባሐር ከሐሩ ጎን ጥጥም ይሠራል፤ ሻርፕ፣ ፎጣና የአልጋ ልብስ ወደ ውጭ ይልካል። በፍትሐዊ ንግድ ማኅበር ውስጥ አባል መሆኑ ለፈታይም ለሸማኔም ተገቢ ክፍያ እንዲከፍል ያስገድደዋል። ብዙዎቹ ፈታዮች ከቤታቸው ሆነው ነው የሚሠሩት፤ በዚህ በኩል የአያቶቻቸው ኑሮ አልተለወጠም። የተለወጠው የሚጠብቃቸው ቋሚ ተረካቢ መኖሩ ነው። ሌላው ዓለም በዋጋ የሚፈልገውም ያንኑ በእጅ የተፈተለውን ወጣ ገባ ክር ነው። የፋብሪካ ክር እኩልነቱ ጥቅሙ ነበር፤ ለዚህኛው ገዢ ግን የሴቲቱ ጣት የተወው ውፍረትና ቅጥነት የጥራት ምስክር ሆነ። እንዲህ ያሉ ድርጅቶች በከተማው ሌላ ቦታም አሉ፤ ሁሉም ተደምረው ከሸማው ገበያ የያዙት ትንሹን ነው።

ትልቁ ገበያ ወደ ሌላ መንገድ እየሄደ ነው። ባለፉት ዓመታት የሀበሻ ቀሚስ ጥለት በፋብሪካ ጨርቅ ላይ እየታተመ ከቻይና መምጣት ጀመረ፤ በእጅ ከተሠራው በብዙ እጥፍ ይረክሳል፤ ከሩቅ ለሚያይ ልዩነቱ አይታወቅም። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነጻ ዕድል አስወጣች። ወሬው ሁሉ ስለ ሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ነበር፤ በእጅ የተሸመነ ጨርቅም በዚያው ዕድል ይገባ እንደነበር የጠቀሰ ጥቂት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ በወራት ውስጥ ከዶላር አንጻር ከግማሽ በታች ወረደ። ወደ ውጭ ለሚልክ ሰው ይህ ሲሳይ ነው፤ ከውጭ የመጣ ባለቀለም ክርና ማቅለሚያ ለሚገዛ ሸማኔ ግን ሸክም ነው።

ልጃቸውን ለመዳር ቀሚስ የሚገዙ እናት ዛሬ ገበያ ሲወጡ ሻጩ «ፈትል ነው፣ እትዬ» ይላቸዋል። እሳቸውም ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥተው ያያሉ። ድሩ ቀጥ ብሎ እኩል ሲሄድ ማጉ አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ሳሳ ካለ እውነቱን ነው። ሁለቱም ፍጹም እኩል ከሆኑ የፋብሪካ ነው። ይህን የሚያውቁት በልጅነታቸው እናታቸው አጠገብ ተቀምጠው ስለፈተሉ ነው። የምትዳረው ልጃቸው ግን እንዝርት ይዛ አታውቅም፤ የእሷ ልጅ ቀሚስ ለመግዛት ስትወጣ የምትታመነው በሻጩ ቃል ብቻ ይሆናል። አርዳራ ላይ ለዚህ ሲባል ማኅተም ተመታ። ለኛም የእጅ ፈትል የሆነውን ከታተመው የሚለይ፣ ፈታይዋንም ከሸማኔው ጋር በእኩል የሚጠራ ምልክት ቢኖር፣ ፈትሉን ከነዋጋው የሚያውቁ ሴቶች በሕይወት ሳሉ ቢጀመር፣ መርማሪዎቹን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም፤ በጎፋም፣ በቄራም፣ በመካኒሳም በየጓሮው አሉ።